የላይ ሰፈር ውሃ፣ የታች ሰፈር አቤቱታ

ነሐሴ ሲጋመስ ቴሌቪዥኑ አደይ አበባ ማሳየት ይጀምራል። ሜዳው ቢጫ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች እንግጫ ይዘው ይስቃሉ። ክረምቱ ሊወጣ ነው ይባልልናል። ጅማ ተቀምጦ ይህን የሚያይ ሰው ግን አንድ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ነው። አቡጀዲው ላይ ቡናማ ክብ ወጥቷል። ባለፈው ሳምንት የድፎ ዳቦ ያህል ነበር። አሁን የዞኑን ካርታ አክሎ ወደ ኢሉባቦር እየሰፋ ነው።

አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ «ክረምቱ ወጣ» ብትል እኛን አይመለከተንም። የኛ ዝናብ መጋቢት ላይ መጣሁ መጣሁ ይላል። ሰኔ ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ይገባል። መስከረም ጠባ ብሎ አይወጣም፤ ወጣ ሲባል እንኳ ጥቅምት ላይ የረሳው ዕቃ እንዳለ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ቡናው ይህን ዝናብ ይወደዋል ይላሉ። ይውደደው፣ ቡናው ቤት የለውማ።

ስለ ጣሪያና ስለ ግድግዳ ከማውራታችን በፊት ግን መሬቱን እንወቅ። እኛ ከተማ የሰው ማዕረግ በሀብት ወይም በትምህርት ብቻ አይለካም፣ በተዳፋትም ይለካል። ቤትህ ከጎረቤትህ አንድ ክንድ ከፍ ካለ የተከበርክ ሰው ነህ። ዝቅ ካለ ከሰኔ እስከ ጥቅምት የቀበሌ ደጅ ጠኚ ነህ። ይህን አባ ጅፋር ቀድሞ ገብቷቸዋል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው ያለው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው፤ ገበያው ታች ሕርማታ ነበር። አስጎብኚዎች ስለ ክብርና ስለ እይታ ያወራሉ። እኔ በበኩሌ ነገሩ የጎርፍ ይመስለኛል። ንጉሡ ከ50 ዓመት በላይ ሲገዙ ከላይ ጎረቤት ጋር በቦይ ተጣሉ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የላይ ጎረቤት አልነበራቸውማ።

እኛ ግን አለን። የኛ የላይ ጎረቤት ደግ ሰው ናቸው። ልጅ በሌሊት ሲታመም ባጃጅ የሚጠሩት እሳቸው፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው። ዝናብ ሲጀምር ግን በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በአንድ እጃቸው ዶማ ይዘው ይወጡና በአጥራቸው ሥር ያለችውን ቀዳዳ ሰፋ ያደርጓታል። ጠዋት በር ላይ እንገናኛለን።

«እንዴት አደራችሁ? የሌሊቱ ዝናብ አይጣል ነው!»

«እግዜር ይመስገን ጋሼ። እርስዎ ጋ እንዴት ነው?»

«እኛማ ምን እንሆናለን ልጄ፣ ወደ ታች ሄደልን።»

ታች እኛ ነን።

ከኛ በታች ያሉትን እትዬን ብትጠይቁ ስለ እኛ ይህንኑ ታሪክ ይነግሯችኋል፤ ከእትዬ ግቢ ሥር ያለው ተከራይ ደግሞ ስለ እትዬ። ክሱ እንዲህ እየተንከባለለ አዌቱ ወንዝ ድረስ ይወርዳል። አዌቱ አቤት የሚልበት የለውም።

ይሄ «ወደ ታች ሄደልን» የሚባለው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ ማንም አስቦት አያውቅም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 60 ካሬ ሜትር ቢሆንና ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ መጥቶ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ ለጎረቤታችሁ 2400 ሊትር ውሃ ላካችሁለት ማለት ነው። አሥራ ሁለት በርሜል። ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ የዓመቱን እናንተ አባዙት። አሥራ ሁለት በርሜል ውሃ ሰው በር ላይ ደፍቶ «እንዴት አደራችሁ» ማለት በሌላ አገር ያስከስሳል።

የሚገርመው፣ በዚያው ሰዓት ቧንቧችን ደርቆ ልጆች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወረፋ ላይ ናቸው። ሰማዩ እየደፋ፣ ሰፈሩ እየቀዳ። እስቲ አሸንዳ አሰቅሉና ሮቶው ውስጥ አስገቡት። የመጀመሪያውን ጥቂት ደቂቃ ዝናብ ግን አሳልፉት፤ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ነው የሚወርደው። ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለጭቃ ጫማ ይበቃል። አሸንዳ ያላችሁ ደግሞ በመሰላል ወጥታችሁ አንዴ እዩት። ብዙ ግቢ ውስጥ አሸንዳው ቅጠል ጠጥቶ፣ አፈር ይዞ፣ ጎመን ሊበቅልበት ምንም አልቀረው። አንዳንዱማ በቅሎበታል፣ ባለቤቱ ነው ያላጨደው።

ወደ ቱቦው ስንመጣ ነገሩ ከቤት ወጥቶ የማኅበር ይሆናል። የሰፈራችን ቱቦ ክረምት ሲገባ የሁላችን፣ ሲደፈን የመንግሥት ነው። ሰኔ ላይ ማንም አይጠርገውም፣ «ገና ነው»። ነሐሴ ላይም አይጠረግም፣ «አሁንማ አለቀ»። በመሀል ፌስታሉ፣ የሽንኩርት ልጣጩ፣ ጥንዱ የጠፋ ነጠላ ጫማ ሁሉ ይገባበታል። ይህ ጓዝ ደግሞ ባለበት አይቀመጥም። ከቱቦው ወደ አዌቱ፣ ከአዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከቦዬ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ነው መንገዱ። ግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ከ1996 ጀምሮ መብራት የሚያመነጭ ባለ 184 ሜጋ ዋት ግድብ ነው። እንግዲህ ፌስታላችን ኃይል ማመንጫ ድረስ ሲጓዝ፣ እኛ እዚህ ሻማ አብርተን «ምን ሆኖ ነው የጠፋው?» እንባባላለን።

ቱቦው እንዲጠረግ በዕድር ስብሰባ ተወስኗል። እንዴት እንደተወሰነ ልንገራችሁ። ስብሰባው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ነሐሴ፣ ጅማ፣ ዘጠኝ ሰዓት! ሊቀመንበሩ «አጀንዳ አንድ» ሲሉ ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ማንም ማንንም አይሰማም። ሊቀመንበሩ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ወደ ቱቦው ይጠቁማል፣ እኛ አንገታችንን እንነቀንቃለን። ጸሐፊው ይጽፋል። ከኋላ ያሉት የጨዋታው መልክ ስለገባቸው ያጨበጭባሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሲያባራ ምን እንደጸደቀ የሚያውቅ ሰው ጠፋ፤ አንዱ ቱቦ ሊጠረግ ነው ይላል፣ አንዱ መዋጮ ጨመረ ይላል፣ እትዬ ደግሞ የድንኳን ኪራይ ነው ብለው ተቆጥተው ሄዱ። ምክሬ አጭር ነው፦ በዚህ ወር ስብሰባ ጠዋት ይሁን። ሰማይ ከቁርስ በፊት እምብዛም አይናገርም።

አሁን ወደ ጣሪያ እንውጣ። እንውጣ ስል በዝናብ አይደለም፤ በዝናብ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ባል አለ፣ ሚስቱ ከታች «ተው ውረድ» እያለች የምታለቅስበት፣ እሱ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» የሚል፣ በኋላ ሁለቱም ጤና ጣቢያ የሚገናኙ። ደረቅ ጠዋት ጠብቁ። መጀመሪያ ግን ከውስጥ ጀምሩ። ቀን ላይ ኮርኒሱን ገልጣችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ ወደ ቆርቆሮው ቀና በሉ። ብርሃን ጭል የምትልበት ቀዳዳ ካያችሁ የመጥረጊያ ስንጥር አሾልኩባት፤ ላይ ስትወጡ እሷ ትመራችኋለች። ውሃው የሚንጠባጠብበትና የሚገባበት ቦታ አንድ ነው ብላችሁ አትሸወዱ። የጣሪያውን እንጨት፣ ሞራሌውን፣ ይዞ እየተጓዘ እሳሎን ላይ ይወርዳል፣ ቀዳዳው መኝታ ቤት ላይ ነው። ላይ ስትራመዱ ምስማር የተመታበትን መስመር ርገጡ፣ ከሥሩ እንጨት አለ። ባዶው ላይ የረገጠ ሰው ለቀዳዳው ጓደኛ ይጨምርለታል። የላላውን ምስማር ነቅላችሁ ወፈር ያለ፣ ጎማ ያለው ምቱበት፣ እሱም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት በጎድጓዳው አይደለም። ድንጋይና አሮጌ ጎማ ከምሮ ጣሪያ ላይ መጫን ግን ጥገና አይደለም። ቆርቆሮው እንዲዝግ ያደርጋል፣ ሌሊት ነፋስ ሲመጣም የሚያሳስብ ሁለት ነገር ይሆናል።

ቆርቆሮ የምትቀይሩ ካላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ጌጅ የሚባለው የውፍረት ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። ባለ 28ቱ ከባለ 32ቱ ይወፍራል። ይህን የማያውቅ ገዢ ሱቅ ይገባና «ትልቁን ስጠኝ» ይላል፣ ባለሱቁም ፊቱን ሳይቀይር 32 ያወርድለታል። ገዢው ዋጋው ረከሰልኝ ብሎ ምሳ ይጋብዘዋል።

ቀለም። ወይ ቀለም! ጳጉሜ ስትገባ የከተማው ቀለም ቤት ሁሉ ይጨናነቃል። ለእንቁጣጣሽ ቤት ካልተቀባ ዘመኑ አይለወጥም የተባለ ይመስል፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ የጭቃ ግድግዳ ላይ ክሬም ቀለም ይለቀለቃል። መስከረም አንድ ያምራል። ለመስቀል ይነፋል። ጥቅምት ላይ ቅርፊቱ እየተነሳ ልጆች በጥፍራቸው ይልጡታል። ግድግዳው ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ከፌስታል እጅ የምታህል ቆርጣችሁ አራቱንም ጎን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፏትና እደሩ። ጠዋት ከውስጥ በኩል ላብ ካወጣች ቀለሙን መልሱ፣ ባለሱቁን ለምኑት። በኛ ከተማ ለምርጊትም ለቀለምም ደኅናው ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጭድና ጭቃው እስኪደርቅ ሰማዩ ይታገሠዋል። ግን ማን ነው በኅዳር የሚቀባ? በኅዳር እንግዳ የለም።

እንግዳው ሲመጣስ? ሁሉም ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ ሶፋውን እርጥበቱ ላይ ማስጠጋት። መስከረም አንድ ቀን ጅማ ውስጥ ቤት ለቤት ብትዞሩ፣ ሶፋ ሁሉ የተቀመጠው ከጀርባው ነውር ባለበት በኩል ነው። አስተናጋጇ «እዚህ ጋ ተቀመጡ» ብላ አንዷን ጥግ አጥብቃ ከከለከለችህ አትጠይቅ፣ ቡናህን ጠጣ። እውነቱን ለመናገር ሶፋው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ቢል ይሻላል፣ አየር ካላገኘ ሻጋታው ወደ ጨርቁ ይሻገራል። እንግዳ ከሄደ በኋላ እንኳ ሳቡት። ወለሉ ሊሾ ካልሆነና ወጣ ገባ ከሆነ ደግሞ የራሳችን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለ። ሦስት እግር የትም ቢቀመጥ አይናጋም፤ አራት እግር ያለው የውጭ ወንበር ነው ከሥሩ ካርቶን የሚለመንለት።

ትንኟን አልረሳኋትም። ዝናቡ ጋብ ሲል ነው ሥራ የምትጀምረው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የምትበረታበት ጊዜ ነው፤ እንቁላሏም በሞቀ ቀን በሁለት ሳምንት ውስጥ ትንኝ ሆኖ ይበራል። ግቢ ውስጥ ያቆረውን ውሃ በአፈር ሙሉት፣ የሮቶውን ክዳን ግጠሙት፣ አጎበሩንም ከዶሮ ቤት ላይ አውርዳችሁ አልጋ ላይ መልሱት።

ቱቦውን እንደ ጨረስነው አታስቡ። ዕድሩ የወሰነውን ያስፈጸመው ሊቀመንበሩ አይደሉም፣ ድንኳኑ ነው። ሰሞኑን ሰፈር ለቅሶ ነበር። ዝናቡ መጣ፣ ድንኳኑ መሀሉ ላይ ውሃ አቁሮ ሆዱ ወረደ። አንድ ወጣት ሊያስተነፍሰው ብሎ በመጥረጊያ እንጨት ከታች ገፋው። ውሃው ተንከባለለና በጠርዙ በኩል በአንድ ጊዜ ወረደ፣ በላይ ጎረቤታችን ላይ። ኮታቸው፣ ሱሪያቸው፣ ካልሲያቸው። ለቅሶ ነውና ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። እሳቸው ተነሥተው፣ ውሃው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ፣ «ይሄ ነገር መፍትሔ ይፈልጋል» አሉ።

እናም እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ ይዞ ይውጣ፤ የቀረ እንደ ለቅሶ ይቀጣል። ቁፋሮው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው ሁሉ እትዬ በር ላይ ይከመራል፣ እትዬ ደግሞ ዘንድሮ አይቻሉም። ቡናው በላይ ጎረቤታችን ቤት ነው፣ በአጥራቸው ሥር ያለችው ቀዳዳም ያን ቀን በሁሉ ፊት ትደፈናለች ተብሏል። ሲሚንቶውን እኛ ነን የምናዋጣው።