ማስተካከያ፦ የድሬዳዋ ምሥረታ ዓመት

ለሁለተኛ ደረጃ የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ሥልጠና ትናንት በላክነው የትምህርት ዕቅድ ናሙና ላይ «ድሬዳዋ በ1895 እ.ኤ.አ. ተመሠረተች» የሚል ስሕተት ገብቷል። ትክክለኛው 1895 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1902።

ስሕተቱ ቀላል አይደለም። በፈረንጆቹ 1895 ከጅቡቲ የሚመጣው ሐዲድ ግንባታው እንኳ አልተጀመረም፤ ከተማዋን የወለዳት ደግሞ ባቡሩ ነው። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደ መስመሩ ታች ሜዳው ላይ ቀረ። ስሕተቱን ያየው በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሚያስተምር ባልደረባችን ነው፤ «ተማሪዎቼ ከተማዋ ባቡሩን ቀድማ ተወለደች ወይ ይሉኛል» ብሎ ደወለልን። እውነቱን ነው፣ እናመሰግናለን።

የዘመን ልዩነቱን ስታስተምሩም «ሁሌ 8 ቀንሱ» አትበሉ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ነው። ባቡሩ የደረሰው በታኅሣሥ ስለሆነ የሚቀነሰው 7 ነው። የድሮውን ናሙና ያተማችሁ ገጹን ቀይሩት።