የዕድሩን 150 ብር እንጠይቃለን፤ የወረዳውንስ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምወቅሰው ወረዳውን አይደለም። እኛኑ ነው።

ባለፈው እሑድ የዕድራችን ስብሰባ ነበር። ገንዘብ ያዡ ለድንኳን ማስጠገኛ ካወጣው ሂሳብ የ150 ብር ደረሰኝ ጎደለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አፋጠጥነው። ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ። ኋላ ደረሰኙ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ተገኘ፤ ተሳስቀን ተበተንን።

ወደ ቤት ስንመለስ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ነው ያለፍነው። እዚያ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለውሃ ይህን ያህል ተብሎ የዓመቱ በጀት ተለጥፏል። ወረቀቱን ፀሐይ አንጥቶታል። አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። እኔም አላየሁም።

የማን ገንዘብ መሰላችሁ? ከፌዴራል ለክልል በድጎማ፣ ከክልል ደግሞ ለወረዳ የሚወርደው ብር ውስጥ ሳሙና ስትገዙ የከፈላችሁት 15 በመቶ ቫት አለበት።

ሰኔን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት ብር ተመላሽ እንዳይሆን ግዢው ይጧጧፋል፣ ሥልጠናው ይበዛል፣ አበሉ ይከፈላል። ዓመቱን ሙሉ ጠመኔ ያጣ ትምህርት ቤት በመጨረሻው ሳምንት መጋረጃ ይገዛለታል። እኛ ሐምሌ ላይ ቡና እየጠጣን እናማለን። ግንቦት ላይ የት ነበርን?

ከዚህ የባሰም አለብን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለው ሹም አይደለም፤ እኛ ነን። ፋይናንስ ቢሮ ተቀምጦ እጁን ያልዘረጋውን የአክስታችንን ልጅ «ያን ቦታ ይዞ ቤት እንኳ አልሠራም፣ ፋራ!» የምንለው እኛ ነን። የበላው ሠርግ ሲደግስ ደግሞ ከፊት ወንበር እንቀመጣለን። ልጁ ይህን እያየ እስከ መቼ ይታገሣል?

የሚጠይቅ ሰው ጥርስ ውስጥ እንደሚገባ አውቃለሁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ «አድመኛ» ይባላል። የዕድር አባላት በሙሉ ሲጠይቁ ግን ምን ሊባሉ ነው? ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ብቻ በቃል ጠይቃችሁ «ነገ ተመለሱ» እየተባላችሁ አትመላለሱ። በጽሑፍ አስገቡና አንዱን ኮፒ «ገቢ ሆኗል» አስብላችሁ ያዙ።

የሚቀጥለው ስብሰባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው። ከድንኳኑ ሂሳብ በፊት የሰሌዳው ወረቀት ይነበብ። ገልብጬ የማመጣው እኔ ነኝ። ለመንገዳችን ቦይ የተመደበው ስንት እንደሆነ እናያለን፤ ከዚያ ወጥተን ቦዩ ራሱ መኖሩን እንፈልጋለን።