ያላነበባችሁትን መጽሐፍ «ወደድኩት» አትበሉ

ጳጉሜ ደረሰች። እንግዲህ ልማዳችሁ ሊጀመር ነው። «በዓመቱ ካነበብኳቸው የወደድኳቸው» ብላችሁ ፌስቡክ ላይ መጽሐፍ ልትደረድሩ ነው። አጠገቡ የቡና ሲኒ፣ ከሥሩ አንድ ጥቅስ፣ ጥቅሱም ከመጽሐፉ ሳይሆን ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ። ወገኖቼ፣ ዘንድሮ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የመጣሁት፤ እንቢ ካላችሁ ግን እቆጣለሁ። ያላነበባችሁትን አነበብን አትበሉ።

ከራሴ ልጀምር፣ ኋላ «አንተስ?» እንዳትሉኝ። «አደፍርስ» ስለሚባለው ልብ ወለድ አስር ዓመት ያህል ሳወራ ኖሬያለሁ። «ዳኛቸው ወርቁ እኮ ከባድ ነው» እላለሁ፣ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬው በዚያው ያልቃል። መጽሐፉን ግን ከሃያኛው ገጽ አልፌው አላውቅም ነበር። ዘንድሮ አንዲት የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ ምን ተሰማህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ላብ አጠመቀኝ። ቤቴ ገባሁና ጀመርኩት። ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ከባድ ነው ያልኩት ውሸት አልነበረም። መጽሐፉ በ1962 ዓ.ም. የወጣ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት አርማንያ የምትባል ገጠር ውስጥ ከባላገሩም፣ ከቄሱም፣ ከባለርስቷ ወይዘሮም ጋር ይከራከራል፣ ሰዉ ሁሉ በየራሱ ዘዬ ያወራል፣ ደራሲው ደግሞ ቆም ብሎ አያስረዳችሁም። እኔን የረዳኝ ጮክ ብዬ ማንበቤ ነው። በዓይን ሲያዩት የተቆላለፈው ንግግር በአፍ ሲሉት ይፈታል። ደግሞ ያስቃል! በጣም የሚያስቅ መጽሐፍ መሆኑን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም። ለካ ከባድነቱን የነገሩኝ ሰዎችም እንደኔው ሃያኛው ገጽ ላይ የቀሩ ናቸው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ንስ? በየዓመቱ ዝርዝራችሁ ላይ አንደኛ ነው። ብዙዎቻችን ግን ያወቅነው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ነውር የለውም፣ እንዲያውም እንደዚያ ተነብቦለት የታደለ መጽሐፍ ጥቂት ነው። «ሰማሁት» በሉና ጨርሱት። ሰብለና በዛብህን ማንም ያውቃቸዋል። ፊታውራሪ መሸሻ ከገዛ ባላገራቸው ጋር ጦር ገጥመው በእነ አበጀ በለው የተማረኩበትን ክፍል ሳነሳባችሁ ግን ጭጭ ትላላችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት የፍቅር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ግብር የሰለቸው ባላገር ጌታውን እንዴት እንደሚያዋርድ የሚያሳይ መጽሐፍም ነው። ከዚሁ መጽሐፍ «ጉዱ ካሣ» የሚለውን የገጸ ባሕርይ ስም ወስዶ ፌስቡክ ላይ ሰው ሲሳደብ የሚውለው ወንድማችን መጽሐፉን ቢያነበው ስሙን የሚቀይር ይመስለኛል።

ሌላው የሚያናድደኝ የፒዲኤፍ ነገር ነው። መጽሐፍ ታትሞ ሳምንት ሳይሞላው ቴሌግራም ላይ «ፒዲኤፉ ያላችሁ» ትላላችሁ። ከዚያ ያንኑ የተሰረቀ መጽሐፍ «የዓመቱ ምርጤ» ብላችሁ ደራሲውን ታግ ታደርጋላችሁ። እንዴት ነው እናንተ? በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፣ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጎመው በደርግ እስር ቤት ሆኖ፣ ወረቀት ስላልነበረው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። እንዲህ የተከፈለበትን ነገር በነጻ ካላገኛችሁ የምታኮርፉት እናንተ ናችሁ።

የመጽሐፍ ዋጋ ተወደደ ትላላችሁ። ተወዷል፣ አልከራከርም። እኔም ብሔራዊ ትያትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጠው ልጅ ጋር ስከራከር ነው የምውለው። ግን ለሦስት ሆናችሁ አንድ መግዛት ትችላላችሁ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ፤ ፎቶ ለመነሳት የሄዳችሁ ሁሉ አንድ ቀን ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ለማንበብ ሂዱ። የትም የማይገኝ፣ መታተም ካቆመ ዘመን ያለፈው መጽሐፍ በስካን ሲመጣ እኔም አነባለሁ፣ አልዋሽም። ትናንት የወጣውን መዝረፍ ግን ሌላ ነው።

ለመጪው ዓመት ምን እናንብብ ላላችሁኝ፣ ልብ ወለዱን ትንሽ አሳርፉትና የሰው ሕይወት አንብቡ። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትን የሕይወት ታሪክ ጀምሬያለሁ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመውን። በልጅነቱ አድዋን ያየ፣ ሩሲያ ሄዶ የተማረ፣ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀ ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ መስማት ሌላ ነገር ነው። ከእሱ ጎን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ»ን አስቀምጡ። መንግሥቱ ለማ አባቱን እያስወራ የጻፈው ነው። የቆሎ ተማሪን ኑሮና የቅኔ ቤቱን ወግ ሽማግሌው አጠገባችሁ ተቀምጠው የሚያወሩላችሁ ይመስላችኋል። በቀን አምስት ገጽ ይበቃል፤ ሩጫ አይደለም። ካልወደዳችሁትም አልወደድኩትም በሉ፣ ማንም አይገርፋችሁም።

አለቃ ለማን ግማሽ ላይ እያለሁ ከቤቴ የወሰደው ሰው ራሱን ያውቃል። ከፋሲካ በፊት «ለሁለት ቀን» ብሎ ነበር። ጳጉሜ ሳታልቅ ይዞ ይምጣ፣ ቡና አፈላለታለሁ።