የአርቲስት መጽሐፍ ከመስታወት ሣጥን ይውጣ

እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1891 ኬልምስኮት የተባለውን ማተሚያ ቤቱን ሲያቋቁም፣ በፋብሪካ የሚመረተው መጽሐፍ ወረቀቱም ፊደሉም ጥራዙም ረክሷልና ወደ እጅ ሥራ ክብሩ ይመለስ የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ሞሪስ ሶሻሊስትም ነበር፤ ሠራተኛ በሥራው ደስታ ሊያገኝ ይገባል እያለ በየመድረኩ ሲናገር የኖረ ሰው ነው። ይሁንና ማተሚያ ቤቱ በ1896 ያወጣው፣ የመካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊ ገጣሚ የቻውሰርን ሥራዎች የያዘው ታላቅ መጽሐፍ በወረቀት የታተመው በ425 ቅጂ ብቻ ሲሆን የአንዱ ዋጋ 20 ፓውንድ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረ ተራ ሠራተኛ ለአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል ገንዘብ ሊያወጣ አይችልም። ስለ ሠራተኛው ክብር የሚሟገተው ሰው የሠራው መጽሐፍ በሀብታሞች መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ይህ ተቃርኖ ከሞሪስ ጋር አብሮ አልተቀበረም። ዛሬ የአርቲስት መጽሐፍ የሚባለው፣ ማለትም ራሱ የጥበብ ሥራ ሆኖ የተፀነሰና ወረቀቱ፣ አጣጠፉ፣ ስፌቱና የገጾቹ ቅደም ተከተል ሁሉ የሐሳቡ አካል የሆነበት መጽሐፍ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ድህነትና ስለ ሴቶች መብት እየተናገረ በጥቂት ቅጂ ይሠራል፤ ከዚያም በልዩ ስብስብ ክፍል ውስጥ ይቆለፍበታል። በእኔ እምነት የእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ማኅበራዊ ፋይዳ ሊለካ የሚገባው፣ ሲሠራ ጠረጴዛው ዙሪያ እነማን ተቀመጡ፣ ከተሠራ በኋላስ በማን እጅ ገባ በሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ነው። በገጾቹ ላይ የሰፈረው ርእሰ ጉዳይ የቱንም ያህል የከበደ ቢሆን እነዚህን ጥያቄዎች አይመልስም።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ የተቋቋመው ኤሎይሳ ካርቶኔራ የተባለ አሳታሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአርጀንቲና ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት ሥራቸውን ያጡ ብዙ ሰዎች ማታ ማታ ከየመንገዱ ካርቶን እየሰበሰቡ በኪሎ መሸጥ ጀመሩ። በ2003 ጸሐፊው ዋሽንግተን ኩኩርቶና ሠዓሊው ሀቪየር ባሪላሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቋቋሙት ይህ አሳታሚ፣ ከሰብሳቢዎቹ ካርቶኑን የቁርጥራጭ ነጋዴ ከሚከፍለው በተሻለ ዋጋ ይገዛል፤ ከዚያም ካርቶኑ እየተቆረጠ፣ እየታጠፈና በቀለም እየተሣለ የመጽሐፍ ሽፋን ይሆናል። በውስጡ የሚገባው ጽሑፍ በርካሽ ማተሚያ የተባዛ ነው። እንደ ሪካርዶ ፒግሊያና ሴሳር አይራ ያሉ ስመ ጥር ደራስያን ጽሑፋቸው ያለ ክፍያ እንዲታተም ፈቅደዋል። አሠራሩ ከዚያ በመነሣት በላቲን አሜሪካ አገሮች ተዛምቷል፤ በሳን ፓውሎ የተመሠረተው ዱልሲኔያ ካታዶራም ሽፋኖቹን የሚሠራው ቆሻሻ ለቅመው ከሚተዳደሩ ሰዎች ጋር ነው።

ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን በእጅ ይዞ ማገላበጥ ብዙ ያስተምራል። በሽፋኑ ላይ ርእሱ በደማቅ ቀለም፣ በብሩሽ ተጽፏል፤ የአንዱ ቅጂ ፊደል ከሌላው ቅጂ ፊደል ጋር አንድ አይደለም። ሽፋኑ ሲገለጥ ከጀርባው የዕቃ ሣጥኑ የቀድሞ ጽሑፍ፣ አንዳንዴም የምግብ ኩባንያ ምልክት፣ እንዳለ ይታያል። ሻካራ ነው፣ ግን ደግሞ ዝርክርክ አይደለም። የካርቶኑ ውስጣዊ ሽንትር ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ ሆኖ ካልተቆረጠ ሽፋኑ ሲታጠፍ ይሰበራል እንጂ አይተኛም፤ ይህን ያወቀ ሰው ካርቶኑን ከመቁረጡ በፊት ያዞረዋል። ማንም አንሥቶ የጣለው ካርቶን መሆኑ ይህን ጥንቃቄ አላስቀረውም።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ የማኅበረሰብ ፕሮጀክት አዘጋጆች ጋር እለያያለሁ። «ዋናው ሂደቱ ነው፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን ችግር የለውም» የሚል አባባል በእነርሱ ዘንድ የተለመደ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ተሳታፊዎች ቀድሞ የተቆረጠ ወረቀትና ሙጫ ይሰጣቸዋል፣ ሥዕል ይለጥፋሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ ለገንዘብ ሰጪው ሪፖርት ይላካል፤ መጽሐፉ ግን ወር ሳይሞላው ይገነጣጠላል። ይህ ለተሳታፊው አክብሮት ማሳየት አይመስለኝም፤ እንዲያውም «ከአንተ ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም» ብሎ እንደ መናገር ነው። ሙያውን በሙሉ ልብ ማስተማር ግን ተሳታፊውን እንደ ሠሪ መቁጠር ነው።

ደግሞም ሙያው ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። በጣም ቀላሉን ባለ ሦስት ቀዳዳ ስፌት እንውሰድ። ጥቂት ወረቀቶች አንዱ በአንዱ ውስጥ ሆነው ይታጠፋሉ፣ በእጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ይበሳል። መርፌው ከውስጥ በመካከለኛው ቀዳዳ ይወጣና በላይኛው ተመልሶ ይገባል፤ በውስጥ በኩል መካከለኛውን አልፎ በታችኛው ይወጣል፤ በመጨረሻም በመካከለኛው ይመለሳል። ሁለቱ የክር ጫፎች በውስጥ በተዘረጋው ረጅም ክር ግራና ቀኝ ሆነው በላዩ ላይ ይታሰራሉ። ይህን ማንም ሰው በአንድ ተቀምጦ ሊማረው ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትምህርት የወረቀቱን የቃጫ አቅጣጫ መለየት ነው። ወረቀት ቃጫዎቹ በተኙበት አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፤ በተቃራኒው ሲታጠፍ ግን ይሰነጠቃል። ውሃ ያለበት ሙጫ ሲነካውም ከቃጫው አቅጣጫ ይልቅ በወርዱ ያብጣል፤ ይህን ያልተረዳ ጠራዥ ያበጀው ሽፋን ሲደርቅ ይጣመማል። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ሳያጥፉ ጎበጥ አድርጎ በየትኛው አቅጣጫ በቀላሉ እንደሚጎብጥ በእጅ መዳሰስ በቂ ፈተና ነው። እንዲህ ያለ እውቀት ከአውደ ጥናቱ በኋላ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሌላ ሰውንም ሊያስተምርበት ይችላል።

ቁሱ ራሱ ታሪክ ሲኖረው ደግሞ የእጅ ሥራው ከዚህም በላይ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት በተጀመረው ኮምባት ፔፐር በተባለው ፕሮጀክት፣ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች የደንብ ልብሳቸውን በትንንሹ ይቆርጣሉ። ቁርጥራጩ ከውሃ ጋር እየተደበደበ ልቁጥ እስኪሆን ይፈጫል፤ ልቁጡ በወንፊት እየተጠለለ ወረቀት ይሆናል፤ በወረቀቱም ላይ ይጻፍበታል፣ ይታተምበታል፣ መጽሐፍም ይሆናል። ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሲወራ «ፈውስ» የሚለው ቃል ከመጠን በላይ ይነገራል፤ እኔ ያን ያህል ርቄ አልሄድም። ማለት የምችለው፣ ልብሱን መቆራረጥ ብዙ ሰዓት የሚወስድ ሥራ መሆኑንና እጅ በሥራ በተያዘበት ሰዓት ጨዋታ በራሱ ጊዜ እንደሚመጣ ነው። «የደረሰብህን ንገረን» ተብሎ ማይክሮፎን የተደቀነበት ሰው የሚናገረውና መቀስ ይዞ ከጎኑ ለተቀመጠው ጓደኛው የሚናገረው አንድ አይደለም።

ለብቻ የተሠራ መጽሐፍስ ማኅበራዊ ሊሆን አይችልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 2007 በባግዳድ የመጻሕፍት ገበያ በሆነው በአል ሙተነቢ ጎዳና የመኪና ቦምብ ፈንድቶ ከ30 በላይ ሰዎች ሲገደሉ ከ100 በላይ ቆስለዋል። በሳን ፍራንሲስኮ የመጽሐፍ ሻጭና ገጣሚ የነበረው ቦ ቦሶሌይ ይህን ሰምቶ መጀመሪያ ገጣሚያንንና የእጅ አታሚዎችን፣ በኋላም የመጽሐፍ አርቲስቶችን ለምላሽ ጠራ። በሂደት ከ250 በላይ የአርቲስት መጻሕፍት ከተለያዩ አገሮች ተሰባሰቡ፤ በብዙ ከተሞችም ለዕይታ ቀረቡ። እያንዳንዱን መጽሐፍ የሠራው ሰው በየስቱዲዮው ብቻውን ነበር፤ ያም ሆኖ ጥሪው የጋራ ነበር፣ የተጠቃው መጽሐፍ ስለሆነ መልሱም በመጽሐፍ ተሰጠ፣ አንድ ሙሉ ስብስብም ለኢራቅ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ታሰበ። በእኔ ሚዛን ሥራውን ከተራ የሐዘን መግለጫ የሚለየው ይኸኛው የመጨረሻው ውሳኔ ነው።

ዝቅተኛ ዋጋ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። አሜሪካዊው አርቲስት ኤድ ሩሼ እ.ኤ.አ. በ1963 የ26 ነዳጅ ማደያዎችን ፎቶግራፍ የያዘውን መጽሐፉን ያሳተመው በ400 ቅጂ፣ ማንም ሊገዛው በሚችል ዋጋ ነበር። ሲያልቅበት በ1967 500፣ በ1969 ደግሞ 3,000 ቅጂ ጨምሮ አሳተመ። ዛሬ የመጀመሪያው እትም በጨረታ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥ ብርቅ ዕቃ ሆኗል። ገበያው ርካሹን መጽሐፍ እንኳ እንዲህ ካደረገው፣ በ10 ወይም በ20 ቅጂ የተሰፋውን ምን እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ጥያቄው ከአርቲስቶቹ ይልቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ሙዚየሞችና ወደ ገንዘብ ሰጪዎች ያደላል። መጽሐፍ ካልተገለጠ መጽሐፍነቱ ይቀራል፤ በመስታወት ውስጥ ሁለት ገጹ ብቻ ተከፍቶ የሚታይ ባለ 40 ገጽ ሥራ ሠሪውንም አንባቢውንም ያታልላል። ጥንታዊ ቅርስን መጠበቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሠሪው በሕይወት ያለ፣ እንዲነካካ ታስቦ የተሠራ መጽሐፍ ላይ ያንኑ ደንብ መጫን ግን ምክንያት የለውም። ተቋሙ ሁለት ቅጂ ገዝቶ አንዱን ሊያስቀምጥ፣ ሌላውን ለአንባቢ እጅ ሊሰጥ ይችላል። ከኅትመቱ ውስጥም የተወሰነ ቅጂ ከሽያጭ በፊት ለሠሪዎቹና ታሪካቸው ለተነገረላቸው ሰዎች እንዲቀር በውል መግባት አለበት።

የስም ጉዳይም አለ። እንግሊዛዊው ገጣሚና ሠዓሊ ዊልያም ብሌክ እ.ኤ.አ. በ1789 ራሱ ቀርጾ ያሳተመው የግጥም መጽሐፉ የርእስ ገጽ ደራሲውም አታሚውም እርሱ መሆኑን ይገልጻል፤ በማተሙና በማቅለሙ ሥራ ስታግዘው የኖረችው ሚስቱ ካትሪን ግን በዚያ ገጽ ላይ የለችም። በማኅበረሰብ ተሳትፎ ተሠራ በሚባል መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ ዛሬም ብዙ ጊዜ የምናነበው የአርቲስቱንና የገንዘብ ሰጪውን ስም ነው፤ የቀሩት «የአካባቢው ነዋሪዎች» ተብለው ይታለፋሉ። ማን ቆረጠ፣ ማን አጠፈ፣ ማን ሰፋ የሚለው፣ ፈቃደኛ እስከሆኑ ድረስ፣ በየስማቸው ይጻፍ። ለአንባቢ የተሰጠው ቅጂ በመነካካት ብዛት ስፌቱ ሲላላም ተቋሙ እነዚሁ ሰዎች ዘንድ ልኮ፣ የእጃቸውን ዋጋ ከፍሎ ያሳድሰው።