የምርጫ ወረቀቱን ገልብጡት

የሚኒሶታ ወገኖቼ፣ በተለይ ዜግነት ወስዳችሁ የምትመርጡ! ፕሬዚዳንቱንና ገቨርነሩን ትመርጣላችሁ። የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥያቄው ጋ ስትደርሱ ግን ባዶ ትታችሁት ትወጣላችሁ። «ያልገባኝን አልነካም» ትላላችሁ። እዚህ ስቴት ባዶ መተው አለመንካት አይደለም። ማሻሻያ የሚያልፈው በምርጫው ከተሳተፈው ሕዝብ ከግማሽ በላዩ «አዎ» ሲል ብቻ ነው። ባዶው «አይሆንም» ሆኖ ይቆጠራል። ሳታነቡ ወሰናችሁ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ለሕዝብ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የጁሪ ቁጥር ነበር፤ ጁሪ ማለት ችሎቱን ሰምተው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ተራ ዜጎች ናቸው። ከባድ ወንጀል ባልሆነ ክስ ጁሪው ከ12 ማነስ ይችላል ወይ? ሕዝቡ አዎ አለ። ዛሬ በሚስዲሚነር፣ ማለትም በቀላል ወንጀል፣ የተከሰሰ ሰው ስድስት ሰዎች ፊት ይቀርባል። ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 በአንድ የጆርጂያ ጉዳይ አምስት አይበቃም ብሏል።

ቀላል ወንጀል ስለተባለ አትናቁት። የባልና ሚስት ጠብ፣ ከሱቅ ዕቃ ሳይከፍሉ መውጣት፣ እነዚህ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር ሊያስባርሩ ይችላሉ። ሒሳቡን እንሥራው። ከአሥር ሰው አንዱ ጥቁር በሆነበት ከተማ 12 ሰው በዕጣ ቢወጣ፣ አንድም ጥቁር የማይገባበት ዕድል ከመቶ 28 ገደማ ነው። ስድስት ቢወጣ 53 ይደርሳል። ወንድማችን ምስክርነት ሲሰጥ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመልሰው። እኛ አክብሮት እንለዋለን። የማያውቀው ሰው ግን «ዓይኑን የሚያሸሸው ቢዋሽ ነው» ይላል። ያንን የሚያስረዳ አንድ ሰው ጁሪው የሚመክርበት ክፍል ውስጥ መኖር አለበት። ለዚህ ነው ቁጥሩን መቀነስ ስህተት ነበር የምለው። እናንተ ባትስማሙም አንብባችሁ ይሁን።

ያ አንድ ሰው ግን ከየት ይምጣ? አገር ቤት ዳኛ እንጂ ጁሪ አናውቅም፤ ይገባኛል። ግን ስማችሁ ከመራጮች መዝገብና ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝር ወጥቶ ጥሪው ሲመጣ፣ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ በሽተኛ ስታክሙ የምትውሉት ሳትቀሩ «እንግሊዝኛ አልችልም» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ይሄ ነውር ነው! ስድስት ወንበር ብቻ ባለበት ቦታ የእናንተን ባዶ አድርጋችሁ ስታበቁ፣ «ፈረዱብን» ብላችሁ ታማርራላችሁ።

ፈረቃችሁን ፈርታችሁ ከሆነ፣ አሠሪ በጁሪ ምክንያት እንዳያባርራችሁ ሕግ ይከለክለዋል። ቀኑ ካልተመቸ እንዲዛወርላችሁ ጠይቁ እንጂ ፖስታውን አትጣሉት።