የጀደክ ቋንቋ በከላንታን፣ የወይጦ ቋንቋ በጣና

በሰሜን ማሌዥያ፣ በከላንታን ግዛት፣ ጀሊ በምትባል አነስተኛ ከተማ ለሥራ ሄጄ ሳለሁ አሞኝ በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ከፊቴ ሕፃን ያቀፈች አንዲት እናት ነበረች፤ የማሌዥያ ሰዎች «ኦራንግ አስሊ» እያሉ በአንድ ስም ከሚጠሯቸው የአገሩ ነባር ተወላጆች አንዷ ናት። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የልጁን ስም ሲጠይቃት ጆሮ ለሌለው ሰው እንደሚናገር ይጮኽባት ነበር። እሷ ግን ማላይኛውን አሳምራ መለሰችለትና የሚያለቅሰውን ልጇን በራሷ ቋንቋ ማባበል ጀመረች። ሠራተኛው ወደ እኔ ዞሮ እየሣቀ፣ «ይሄ እኮ ቋንቋ አይደለም፤ የጫካ ሰዎች እንዲሁ ነው የሚንጫጩት» አለኝ። የምትናገረው ጃሃይ የሚባለው ቋንቋ ይሁን ጀደክ የሚባለው እኔ ለይቼ አላውቅም፤ ሠራተኛው ደግሞ የሚለይ ነገር መኖሩንም አያውቅም።

ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። በዚያው ድምፅና በዚያው ሣቅ፣ በሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳ ስለሚሠሩት ስለ ወይጦዎች ሲነገር እየሰማሁ አድጌአለሁ። አራት ሺህ ማይል ተሻግሬ እዚያው ሣቅ ላይ መድረሴ ነው ያስቆጣኝ።

ጀደክ በጀሊ አቅራቢያ፣ ሱንጋይ ሩአል በሚባል መንደር የሚኖሩ 280 ያህል ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ ነው። ቬትናምኛና የካምቦዲያው ክመር ከሚገኙበት፣ ከሕንድ ምሥራቃዊ ኮረብቶች እስከ ማላይ ልሳነ ምድር ከተዘረጋው የኦስትሮኤዥያ የቋንቋ ቤተሰብ ይመደባል። በማሌዥያ ያለው ቅርንጫፍ አስሊያን ይባላል፤ ጃሃይ፣ ባተክ፣ ተሚያርና ሴማይ ሁሉ የዚሁ ቅርንጫፍ ቋንቋዎች ናቸው። ማላይኛ ከሌላ ቤተሰብ የመጣ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ስለዚህ ያ ሠራተኛ «መንጫጫት» ያለው ንግግር በዚያ ምድር ላይ ከእሱ ቋንቋ የቀደመ ነው።

ጀደክ በዓለም ዘንድ የታወቀው በቅርቡ ነው። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ኒክላስ ቡረንሁልትና ጆአን ዬገር ወደ መንደሩ የገቡት ጃሃይን ለማጥናት ነበር። እዚያ ሲቆዩ ግን ከመንደርተኛው ብዙው የሚናገረው በድምፁም፣ በቃላቱም፣ በሰዋስውም ከጃሃይ የተለየ እንደሆነ፣ አንዳንዱ ቃልም ከሩቅ አካባቢ አስሊያን ቋንቋዎች ጋር እንደሚዛመድ አስተዋሉ። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ታተመ፤ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ወሬው በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ።

ሰው ሁሉ «አዲስ ቋንቋ ተገኘ» እያለ ሲያወራ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። መንደሩ ተደብቆ የኖረ አይደለም። ነዋሪዎቹ በወንዞች ዳር እየተዘዋወሩ በአደንና በፍራፍሬ ለቀማ ይኖሩ የነበሩ ሲሆኑ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው ያሰፈራቸው። የነባር ሕዝቦች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያውቃቸዋል፤ የሰው ልጅ ባህል አጥኚዎችም ከዚያ በፊት እየመጡ ጽፈውባቸዋል። ይህ ሁሉ ሰው ወጥቶ ሲገባ ቋንቋቸው ያልተሰማው ሁሉም በአንድ ስም ተጠርተው፣ በአንድ መዝገብ ሰፍረው ስለነበር ነው። ያ እውቀት ከሩቅ እንዲመጣ ያደረገው እዚያው ያለው ሰው ጆሮውን አለመስጠቱ ነው። ሁለት ሰዎች ግን ተቀምጠው አደመጡ፤ ይህን ትዕግሥታቸውን ከልብ አደንቃለሁ።

ኳላ ላምፑር ተመልሼ የአገሬ ልጆች ቡና ላይ በተሰበሰቡበት ነገሩን ባነሣው የጠበቅሁትን ያህል አልተደመጠልኝም። አንድ የተማረ፣ የማከብረው ሰው፣ «280 ሰው? የአንድ ዕድር አባል እንኳ አይሞላም እኮ፤ ለዚህ ይህን ያህል ድካምና ገንዘብ ምን ይሠራል? ማላይኛ ተምረው አይገላገሉም?» አለኝ። ሌሎቹ ደግሞ ከወሬው አንዲት ክፍል ብቻ መዝዘው ወደዷት፤ ጀደክ መስረቅን፣ መግዛትንና መሸጥን የሚገልጽ ነባር ቃል የለውም፣ መካፈልንና መለዋወጥን የሚመለከቱት ቃላቱ ግን ብዙ ናቸው የምትለዋን። ሊቃውንቱ ይህን መጻፋቸው እውነት ነው፤ በመንደሩ ጠብና ግጭት እምብዛም እንደማይታይ፣ ልጆችም እንዳይሽቀዳደሙ ተደርገው እንደሚያድጉ ጽፈዋል። እኔ ግን ይህች ወሬ ብቻዋን ስትዞር ደስ አይለኝም። ሰዎቹን በኤደን ገነት የቀሩ የዋሆች አድርጋ ታሳያለች፤ የመሬታቸውንና የልጆቻቸውን ጉዳይ ትሸፍናለች። የቋንቋቸው ክብር በእነሱ ደግነት ላይ መመሥረት የለበትም፤ ሌባ ቢኖራቸውም ቋንቋቸው ያው ቋንቋ ነው።

የቋንቋዎቹን ጥልቀት ማየት የሚፈልግ ሰው የሽታን ነገር ይመልከት። የጀደክ ጎረቤት የሆነውን የጃሃይን ቋንቋ አሲፋ ማጂድና ኒክላስ ቡረንሁልት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ጃሃይዎች ሽታን የሚገልጹ አሥራ ሁለት ያህል ራሳቸውን የቻሉ ቃላት እንዳሏቸው አሳይተዋል። ቃላቱ «እንደ ሙዝ»፣ «እንደ ጭስ» እየተባለ በነገሩ ስም የሚገለጹ አይደሉም። አንዱ ቃል ቤንዚንን፣ ጭስንና የሌሊት ወፍ ኩስን በአንድነት የሚያገናኘውን ሽታ ይገልጻል። ሌላው ነብርን የሚስብ የደም ሽታን ያመለክታል፤ በዚያ ጫካ ለሚኖር ሰው ይህን ቃል ማወቅ ነፍስን ማዳን ነው። አጥኚዎቹ ለጃሃይዎችና ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ተመሳሳይ ሽታዎችን አሽትተው ምን እንደሚባሉ ሲጠይቁ፣ ጃሃይዎቹ ቀለምን በሚጠሩበት ቅለትና ስምምነት ሽታውን ጠሩት፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ግን ተራዝመው ተናግረው እርስ በርሳቸው እንኳ አልተስማሙም። ሰው ሽታን በቃል መግለጽ አይችልም የሚለውን የቆየ የሊቃውንት እምነት ያናወጠው ከሺህ ብዙም የማይበልጡ ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ ነው። ቅርናትን ከክርፋት፣ ክርፋትን ከግማት የሚለይ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም ብዬ ነበር ለዚያ ሰው የመለስሁለት። ጃሃይዎች ዘንድ የሽታ ነገር ሥርዓትም አለው፤ ወንድምና እህት ጠረናቸው እንዳይቀላቀል በጣም ተጠጋግተው አይቀመጡም። ይህ ሁሉ እውቀት ወደ ማላይኛ ሲተረጎም አብሮ አይሻገርም።

የእነዚህ ሕዝቦች ችግር ቁጥራቸው ማነሱ ብቻ አይደለም። ጫካው ለእንጨት ይመነጠራል፤ በቦታው ጎማና የዘንባባ ዘይት ዛፍ ይተከላል። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የነባር ሕዝቦች ሕግ የሚኖሩበትን መሬት የግዛቱ መንግሥት ሲፈልግ የሚያነሣው አድርጎ አስቀምጦት ነበር። ፍርድ ቤቶች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለልማድ መሬት መብታቸው እውቅና እየሰጡ ቢመጡም እያንዳንዱ መንደር በየራሱ መሟገት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው በከላንታን የባተክ ሰዎች በሚኖሩበት መንደር ኩፍኝ ገብቶ ከአሥር በላይ ሰዎች አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሰባት የተሚያር ልጆች ወንዝ ገብተው በመዋኘታቸው ቅጣት ፈርተው ከአዳሪ ትምህርት ቤት ወደ ጫካ ሸሹ፤ አምስቱ ሞቱ፣ ሁለቱ ልጃገረዶች ከአርባ ቀናት በላይ ቆይተው ከስተው በሕይወት ተገኙ። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሜ አሰብሁ። ልጅ ከመምህሩ ይልቅ ጫካን የሚያምነው፣ ትምህርት ቤቱ በማንኛውም መንገድ የእሱ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ሕጉ በወረቀት ላይ ክፉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የማሌዥያ የትምህርት ሕግ ቢያንስ የ15 ተማሪዎች ወላጆች ከጠየቁና የሚቻል ሆኖ ከተገኘ የነባር ሕዝቦች ቋንቋ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ ሴማይ በአንዳንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ የመንግሥት ሬዲዮም በሴማይና በተሚያር ያስተላልፋል። «የሚቻል ሆኖ ከተገኘ» የምትለዋ ሐረግ ግን በር ትዘጋለች። 280 ሰዎች ያሉበት መንደር 15 ወላጅ አያጣም፤ የሚያጣው የሠለጠነ መምህርና የታተመ መጽሐፍ ነው። እነዚህን ማዘጋጀት ደግሞ የወላጆች ሥራ አይደለም።

የእኛ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከዚህ ይርቃል። በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው፣ በአንቀጽ 39 ደግሞ እያንዳንዱ ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት እንዲኖረው ይደነግጋል። ይህን ለማሌዥያ ባልደረቦቼ በኩራት ነግሬአቸዋለሁ፤ አሁንም እኮራበታለሁ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ያለቁትን ግን ሕጉ አይመልሳቸውም፤ ዛሬ እያለቁ ያሉትንም ብቻውን አያድናቸውም።

ጋፋትን እንውሰድ። በአባይ ዳር ይነገር የነበረ ቋንቋ ነው፤ ከኦስትሮኤዥያ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከአማርኛ ጋር የሚዛመድ። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ፈልጎ ፈልጎ ያገኛቸው ተናጋሪዎች ከአራት አልበለጡም። ቅማንትኛን እንመልከት። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነን ያሉት ከ170,000 በላይ ሲሆኑ ቋንቋውን አፍ መፍቻችን ነው ያሉት 1,650 ብቻ ነበሩ። በደቡብ ኦሞ፣ ስሙ ብቻ ከጣናው ሕዝብ ጋር በሚገጥመው በወይጦ ወንዝ ዳር፣ ኦንጎታ የሚባለው ቋንቋ በጥቂት አዛውንት አፍ ላይ ቀርቶ ልጆቹ የጎረቤታቸውን የፀማይን ቋንቋ ይናገራሉ፤ ሊቃውንት ኦንጎታን በየትኛው ቤተሰብ እንደሚመድቡት እስካሁን ይከራከራሉ።

የዕድሩን ቁጥር ላነሣብኝ ሰው ያቀረብሁለት መልስ ይህ ነው። ቁጥር ቋንቋን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ጀደክ ከቅማንትኛ ቀድሞ በጠፋ ነበር። በሱንጋይ ሩአል 280 ሰዎች በቋንቋቸው ሲናገሩ፣ በእኛ አገር መቶ ሺዎች የአያቶቻቸውን ቋንቋ ትተዋል። ይህን ያደረገው በገበያ፣ በፍርድ ቤት፣ በቤተ ክህነትና በትምህርት ቤት አማርኛ ሲናገሩ ሰው ሆነው፣ በቋንቋቸው ሲናገሩ መሣቂያ ሆነው መታየታቸው ነው። እናት ልጇን ከሣቅ ለማዳን ስትል በቋንቋዋ ማውራት ታቆማለች። በጤና ጣቢያው ያቺ እናት ግን እየተሣቀባትም ልጇን በቋንቋዋ ማባበሏን አላቋረጠችም።

«ማላይኛ ተምረው አይገላገሉም» ለሚለውም መልስ አለ። ተምረዋል። በመንደሩ ማላይኛውንም፣ ጃሃዩንም፣ ጀደኩንም የሚሰማ ሰው ማግኘት አይቸግርም፤ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቀው የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ትልቁን ቋንቋ ለማወቅ ትንሹን መጣል ያስፈልጋል የሚለው አሳብ እውነት ቢሆን፣ እዚህ ማሌዥያ የሚያድጉ የእኛ ልጆች አማርኛ እንዲናገሩ ቅዳሜና እሑድ የምንደክመው ለምንድን ነው? ያው ወዳጄ የልጁ አማርኛ እየተሰበረ መሄዱ እንደሚያሳዝነው በዚያው ቀን ነግሮን ነበር።

አሁን ወደ ጣና ልመለስ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በዚያ ሲያልፍ ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጡት አጥኚዎች ግን አማርኛ ብቻ ሲናገሩ አገኟቸው። በመካከሉ ቋንቋቸውን ተቀምጦ ያደመጠ አንድ ሰው እንኳ ስላልነበረ ከየትኛው ቤተሰብ እንደነበር ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ከማዕድ ተለይተው፣ ከደንገል የሠሩትን ታንኳ ግን ገዳሙም ነጋዴውም ሲሻገርበት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ከእነሱ ከተሰበሰቡት ጥቂት ቃላት መካከል ከአማርኛም ከዓረብኛም ያልመጡ፣ ምንጫቸው ያልታወቀ ይገኙባቸዋል። ባሕር ዳር ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች የድምፅ መቅጃ ይዛችሁ ወደ ታንኳ ሠሪ አዛውንቶቹ ሂዱ፤ የደንገሉን ክፍሎች፣ የማሰሪያውን፣ የዓሣውንና የነፋሱን ስም አንድ በአንድ ጠይቋቸው፤ አማርኛ የመሰላችሁን ቃል ጭምር ሳትመርጡ ጻፉት።