ውሃ አመላላሹ ዩኪያ አራሺሮ

ባለፈው ሰሞን ስለ ጃፓናዊው ብስክሌት ጋላቢ ዩኪያ አራሺሮ ሳወራ አንድ ወዳጄ አቋረጠኝ። «ቆይ፣ ቱር ዴ ፍራንስን ስንቴ አሸነፈ?» አንድም ጊዜ አልኩት። ከውድድሩ የሦስት ሳምንት ጉዞ የአንዱን ቀን እንኳ አላሸነፈም። ወዳጄ ሻዩን ወደ ማማሰሉ ተመለሰ።

እኔን ግን ጥያቄው ከነከነኝ። አራሺሮ እ.ኤ.አ. በ1984 የተወለደው ከቶኪዮ ይልቅ ለታይዋን በምትቀርበው የኢሺጋኪ ደሴት ነው። የጃፓን ሻምፒዮን ሦስት ጊዜ ሆኗል፤ የመጨረሻውን ያገኘው በ2022 በ37 ዓመቱ ነው። ቱር ዴ ፍራንስን ሰባት ጊዜ ጀምሮ ሰባቱንም ጨርሷል። ይኼ ቀላል የሚመስለው ከእሱ በፊት የነበረውን ለማያውቅ ነው። ኪሶ ካዋሙሮ በ1926 እና በ1927 ሞክሮ አልሆነለትም፤ ዳይሱኬ ኢማናካ በ1996 የሰዓት ገደብ አልፎበት ተሰናበተ። በ2009 አራሺሮና የአገሩ ልጅ ፉሚዩኪ ቤፑ አብረው ፓሪስ ሲገቡ ውድድሩን የጨረሱ የመጀመሪያዎቹ ጃፓናውያን ሆኑ። በዚያው ዓመት በሁለተኛው ቀን፣ ከሞናኮ ብሪኞል በተደረገው ጉዞ፣ አራሺሮ አምስተኛ ወጥቶ ነበር።

የቀረው የሥራ ዘመኑ ባብዛኛው ለሌላ ሰው የተሠራ ነው። ወደ ኋላ ቀርቶ ከቡድኑ መኪና ውሃ ይቀበላል፤ ኮዳዎቹን በማሊያው ጀርባና በደረቱ አጭቆ፣ ጎብጦ፣ መቶ ምናምን ጋላቢ እየሰነጠቀ እንደገና ወደ ፊት ይወጣል። አከፋፍሎ ሲጨርስ ከመሪው ፊት ሆኖ ነፋሱን በደረቱ ይቀበልለታል። እኛ ይህን ሥራ ከሩጫ እናውቀዋለን፤ አሯሯጭ እንለዋለን። ልዩነቱ፣ አሯሯጭ ድርሻውን ሲጨርስ ከመም ይወጣል። የብስክሌቱ አገልጋይ ግን ጉልበቱን አሟጦ ከሰጠ በኋላም በሰዓት ገደቡ ውስጥ መግባት አለበት፣ አለዚያ ነገ የለም።

ለእኔ ትልቁ ዓመቱ 2016 ነው። የካቲት ላይ በኳታር ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ። አራት ወር ሳይሞላ በቱር ኦፍ ጃፓን አንድ ቀን አሸነፈ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ፈረንሳይ ነበር። በስድስተኛው ቀን ወደ ሞንቶባን በሚወስደው 190 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ከቼኩ ያን ባርታ ጋር ከዋናው ቡድን ተነጥሎ ወጣ። ሁለት ሰው ያን ሁሉ ጋላቢ በሜዳማ መንገድ እንደማያመልጥ እሱ ሳያውቀው አይቀርም። ተያዙም። ቀኑን ያሸነፈው ማርክ ካቬንዲሽ ነው፤ የቀኑ ታታሪ ተብሎ በማግስቱ ቀዩን ቁጥር የለጠፈው ግን አራሺሮ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በዚያው ውድድር የአራሺሮን ቡድን፣ የላምፕሬ ሜሪዳን፣ ማሊያ ለብሶ አብሮት ይጋልብ የነበረው የእኛው ጽጋቡ ግርማይ ነው፤ በቱር ዴ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። በቀጣዩ ዓመትም ሁለቱ ወደ ባህሬን ሜሪዳ ቡድን አብረው ተሻገሩ። በ2016 የላምፕሬው ደቡብ አፍሪካዊ ሉዊ ማይንትስ ስምንተኛ ሲወጣ እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ከጎኑ ነበሩ። የእኛ ስፖርት ወሬ ግን ሜዳሊያ ከሌለ ዜና የለም ባይ ነው። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ጠዋት ማታ ስለ እንግሊዝ ክለቦች ዝውውር ስንሰማ ከረምን። ጽጋቡ በዚያ ሦስት ሳምንት የትኛው ተራራ ላይ ለማን እንደለፋ የተረከልን ሰው እኔ አልሰማሁም።

ይህንን ሁሉ ለዚያ ወዳጄ ነገርኩት። ጥሞና ሰጥቶ አዳመጠኝ፤ የጽጋቡ ነገር ሲነሳማ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረብ አለ።

«እና» አለኝ፣ «ጽጋቡ ስንተኛ ወጣ?»